ኤሊዝን ከነጉዷ መሸጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ተወስኗል፤ መኪናዋ ትሸጣለች። ሎተስ ኤሊዝ ናት፤ ትንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት። የምሸጥበት ምክንያት ጉልበቴ ነው። በሯ ሥር ያለው የሻንሲው ጎን ከፍ ያለና ሰፊ ነው። ለመግባት አንድ እግር ታስገባለህ፣ ቁጭ ትላለህ፣ ከዚያ ሌላውን እግር በእጅህ ጎትተህ ታስከትላለህ። የመውጣቱን ነገር አታንሱብኝ። ምክንያቱን ማስታወቂያው ላይም እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ «ለምን ትሸጣታለህ?» የማይቀር ጥያቄ ነው።

ለማያውቃት ጥቂት ልበል። ኤሊዝ በ1995 የፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ታየች። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ፣ ኖርፎክ፣ ሄቴል ካለው ፋብሪካ መውጣት ጀመረች። ስሟ የመጣው በወቅቱ የሎተስ ኃላፊ ከነበሩት ከሮማኖ አርቲዮሊ የልጅ ልጅ ከኤሊዛ ነው። ክብደቷ 725 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ዛሬ ተራ የቤት መኪና የዚህን እጥፍ ቢመዝን ማንም አይገረምም። ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ 118 የፈረስ ጉልበት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ የሚሸከመው ነገር ስለሌለ ግን ይበቃዋል። መሪዋ የኃይል ማገዣ የለውም። ፍሬኗም ማገዣ የለውም፤ እግርህ ያለውን ያህል ነው የምትይዘው።

እንዲህ ዓይነት መኪና የሚፈልግ ሰው ገና ሳይመጣ አንብቦ ጨርሷታል። የትኛው ብሎን ሥር ማየት እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ የደበቅኩት ነገር ሁሉ ይገኛል። አንዱ ሲገኝ ደግሞ እውነቱን የተናገርኩትም አብሮ ይጠረጠራል። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ገዢው የሚያገኘውን ሁሉ ቀድሜ እኔ አገኘዋለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣ ፎቶውን አያይዛለሁ። ለደህንነት የሚያሰጋውን አሠራለሁ፣ የቀረውን እንዳለ እተወዋለሁ።

እሑድ፣ ከሥር

ክሪክ ከማስገባቴ በፊት የት እንደሚገባ ደግሜ አየሁ። ይቺ መኪና እንደ ሌላው በደረሰበት አትነሳም። ሻንሲዋ ከአሉሚኒየም ፕሮፋይል የተሠራ ነው፤ የተያያዘውም በብየዳ ሳይሆን በኢፖክሲ ሙጫ ነው። ሙጫው እንዳይላቀቅ ብሎን ተጨምሮበታል። ባዶው ሻንሲ 68 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። በወቅቱ ይህ ትልቅ ወሬ ነበር።

ለሻጭ ደግሞ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ይህ ሻንሲ አንዴ ከተጣመመ አይቀናም፣ አይበየድምም፤ ሙቀቱ ሙጫውንም አሉሚኒየሙንም ያዳክማል። ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ የሚፈልገው የግጭት ምልክት ነው።

ከሥር ያሉትን መሸፈኛዎች ፈታኋቸው። ከመሸፈኛዎቹ በላይ የዓመታት አቧራ፣ ቅጠልና ጠጠር ተጠራቅሟል። እርጥበት የሚይዘው ይህ ነው። በብሩሽ ጠርጌ፣ በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ተከታተልኩ። የሙጫው መስመር ከፕሮፋይሉ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ደረቅና ያልተሰነጠቀ ነው። ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። ጨውና ውኃ ሲጨመርበት አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው። በግራ በኩል ካለው ማሰሪያ ዙሪያ የጥፍር ስፋት ያህል ቦታ ይዟል። በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ ብዬ አነሳሁት፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ጠንካራ ነው፣ ላዩ ብቻ ነው የተበላው። ከመፋቄ በፊትም ከፋቅኩ በኋላም ፎቶ አነሳሁ። ሁለቱም ይወጣሉ።

ከኋላ ያለው ሰብፍሬም (ከዋናው ሻንሲ ጋር የሚታሰረው ንዑስ አካል) ብረት ነው፤ ላዩ ላይ ዝገት አለበት። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ሄድኩ፤ ድምፁ ሁሉም ጋ አንድ ነው። ቀዳዳም ስንጥቅም የለም።

የኋላ ጎማዎችን አቅጣጫ የሚይዙት ዘንጎች ሌላው የታወቀ ጉዳይ ናቸው። የፋብሪካዎቹ፣ በተለይ በውድድር ሜዳ የተነዳች መኪና ላይ፣ ጫፋቸው ይላላል፤ ከተሰበሩ የኋላው ጎማ ራሱ መሪ ይሆናል። የእኔ በጠንካራ ተለውጠዋል። አሮጌዎቹን በካርቶን አስቀምጫቸዋለሁ። «ኦሪጅናሉ ካልሆነ» የሚል ሰው ከመጣ እዚያው አሉ።

የፊት ቀኝ ቦል ጆይንት፣ ጎማውን የሚይዘው ተሽከርካሪ መገጣጠሚያ፣ ልል ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው እጅህ ላይ «ቋ» ይላል። ይለወጣል።

ሰኞ ማታ

ወረቀት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። የጥገና ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አደረግኋቸው። መሃል ላይ ክፍተት አለ፤ ከእኔ በፊት በነበረው ባለቤት ጊዜ የተሠራ ነገር ካለ ማስረጃ የለም። «ክፍተት አለ» ብዬ ጻፍኩ። አልፈውም።

ረቡዕ፣ ሞተሩ

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ኤሊዝ የተሸከመችው የሮቨር ኬ-ሲሪዝ ሞተርን ነው። ይህ ሞተር ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ክዳን (ቴስታውን) ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ስስ ንጣፍ፣ ነው፤ «ስንት ጊዜ ተቃጥሏል?» ይሉሃል፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡህ።

ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም። ሞተሩ ቀላል እንዲሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ቴስታውን፣ ብሎኩንና የታችኛውን ክፍል አንድ ላይ የሚያስሩት ከላይ እስከ ታች የሚያልፉ አሥር ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። የሚይዘው ውኃም ትንሽ ነው። ቴርሞስታቱ፣ እንደ ሙቀቱ ውኃውን የሚያሳልፈው በር፣ ወደ ሞተሩ በሚገባው በኩል ስለሆነ፣ ሲከፈት ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ ይመጣል። ቴስታውን በቦታው የሚያቆሙት ፒኖችም በብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ነበሩ። ቴስታው ትንሽ ትንሽ ሲንሸራተት ጓርኒሲዮኑ ይደክማል። ኤሊዝ ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ ነው። በመሃል ረጅም ቱቦ አለ። ውኃ ሲሞላ አየሩ በደንብ ካልወጣ ችግር ይጋብዛል።

የእኔ አንድ ጊዜ ተለውጧል። ከደረሰኙ ጋር ባለብዙ ንብርብር የብረት ጓርኒሲዮንና የብረት ፒኖች እንደገቡ ተጽፏል። የካሚቻዎቹ (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ከፍታም ተለክቶ ተመዝግቧል። ይህ ወሳኝ ነው። ካሚቻዎቹ ከብሎኩ በላይ ብቅ ያሉበት መጠን እኩል ካልሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም ብዙ አይቆይም። ሳይለካ የተሠራ ሥራ ደረሰኝ ቢኖረውም እንዳልተሠራ ነው የምቆጥረው።

ደረሰኝ ግን የትናንት ነገር ነው። ለዛሬው የጋዝ ምርመራ አደረግን፤ መካኒክ ጓደኛዬ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ በውኃ ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ይገጠማል። ሞተሩ ሲሞቅ ከማጠራቀሚያው የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ ያልፋል። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ከሆነ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለታችንም አፍጥጠን ቆምን። ፋኑ እስኪነሳ ጠበቅን፣ ጋዝ ሰጠናት፣ አሁንም ጠበቅን። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ይህን ሁሉ ሳላቋርጥ በቪዲዮ ቀረጽኩት። ቪዲዮው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ይሁን።

ኮምፕሬሲዮንም፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ ለካን። በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በታች ነው። ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ግን ትንሽ ቅባት የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። ይህ ከጓርኒሲዮን ሊመጣ ይችላል፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪናም እርጥበት ይዛ ታሳየዋለች። የእኔ የቅርብ ጊዜ አነዳድ ሁለተኛው ነው። ጠራርጌ ፎቶ ማንሳት እችል ነበር። ከነነጩ አነሳሁት፤ የጋዙን ውጤት ከጎኑ አስቀመጥኩ። ገዢው ይፍረድ።

ታይሚንግ ቤልቱ፣ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች በአንድ ምት የሚያስኬደው ቀበቶ፣ ኪሎ ሜትሩን አልጨረሰም፤ ዕድሜው ግን ደርሷል። «ገዢ ወዲያው ሊለውጠው ይገባል» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ቀረ፦ ራዲያተሩ። የፕላስቲኩ ጎንና የአሉሚኒየሙ መሃል በሚጋጠሙበት መስመር ላይ የደረቀ የኩላንት (የማቀዝቀዣ ውኃ) ቅርፊት አለ። አይንጠባጠብም፤ ያልባል። በሌላ መኪና ቢሆን «ያልባል» ብዬ ጽፌ እተወው ነበር። ትንሽ ውኃ የሚይዝ ሞተር ላይ ግን አይተውም።

ቅዳሜ፣ የፊት ሽፋኑ ወረደ

ራዲያተሩ ጋ ለመድረስ የፊቱ አካል በሙሉ መውረድ አለበት። የኤሊዝ ውጫዊ አካል ፋይበርግላስ ነው፤ የፊቱ አንድ ትልቅ ቁራጭ፣ የኋላውም እንዲሁ። ብሎኖቹ አንዳንዶቹ ዝገው እምቢ አሉ። ዘይት ነፋንባቸው፣ ሻይ ጠጣን፣ ተመለስን። ሽፋኑን ለሁለት አንስተን ብርድ ልብስ ላይ አጋደምነው።

ሥራውን ከወደድኩበት ምክንያት ዋናው ይህ ነው። ሽፋኑ ሲወርድ ከፊት ያለው የግጭት መቀበያ ሣጥን ይገለጣል። እሱም ፋይበር ነው፤ ከተመታች መኪና ላይ ይሰነጠቃል ወይም ይፈረፈራል። ገዢ ይህን የማየት ዕድል የለውም፤ ለማየት ብሎ ማንም ሽፋን አያወርድለትም። የእኔ ንጹሕ ነው። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ አነሳሁት፤ የሻንሲ ቁጥሩ በአንድ ፎቶ አብሮ እንዲታይ አደረግኩ። የሌላ መኪና ፎቶ ነው የሚል እንዳይመጣ።

አዲሱ ራዲያተር ገባ። ቦል ጆይንቱም ተለወጠ። ውኃውን ቀስ እያልን ሞላን፤ አየሩ እስኪወጣ ብዙ አስጠበቀን።

እሑድ፣ ቆዳዋ

ፋይበርግላስ አይዘግም፤ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ሸረሪት ድር ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ይበተናል፤ ቀለሙ ደህና ቢመስልም ከሥር የሆነ ነገር እንደገፋው ይናገራል። እነዚህን ለማግኘት እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። አካሉን ታሸውና ትጠብቃለህ። ላዩ ሲደርቅ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ውኃ ለአፍታ ይቆያል፤ ቀጭን ጥቁር ክር ሆኖ ይታይሃል። ያኔ ቶሎ ብለህ ወረቀት ሙጫ ትለጥፍበታለህ።

የኋላው ሽፋን ግራ ጥግ ላይ አንድ ድር ተገኘ፣ የመዳፍ ያህል። ታርጋው አጠገብ ሌላ ትንሽ። ፊቱ በጠጠር ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ዝቅ ያለች መኪና ስለሆነች የፊት መኪና የወረወረውን ሁሉ ትቀበላለች። የሾፌሩ በር ከመጀመሪያው ቀለም ጋር ሲተያይ በፀሐይ ትንሽ ይለያል፤ እንደገና ተቀብቷል።

ቀለም አስቀባ አሉኝ። አላስቀባም። አዲስ ቀለም ያለው የፊት ሽፋን ያየ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን መታት?» ነው። ጠጠሩ የመታው ቀለም ቢያንስ ያልተነካ መሆኑን ይመሰክራል።

ጨርቅ ጣሪያዋ በከባድ ዝናብ ከመስታወቱ ጥግ ያንጠባጥባል፤ የተሳፋሪውን ጉልበት ነው የሚያርሰው። የሾፌሩ ወንበር ጎን ተፈግፍጎ ተበልቷል። ማሞቂያው ደካማ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ቀዝቃዛ ሳለች ይጮሃል፤ ከሞቀች በኋላ ይተወዋል። የፍሬን ዲስኮቹ ፋብሪካው ያወጣት ዓይነት አይደሉም፤ የመጀመሪያዎቹ ኤሊዞች በሴራሚክ የተጠናከረ የአሉሚኒየም ዲስክ ነበራቸው፣ የእኔ አሁን ያላት የብረት ነው። ለነጂ ምንም አይደለም። ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው።

ጎማዎቹ ፊት 185/55 አር 15፣ ኋላ 205/50 አር 16 ናቸው። ጥርሳቸው ገና ነው፤ ግን ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። የፊቶቹ አርጅተዋል። ያረጀ ጎማ ጥርስ ስላለው ብቻ መንገድ አይይዝም። ተጻፈ።

ማክሰኞ፣ ፎቶ

ታጥባ፣ ግን ደርቃ። እርጥብ መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች፤ ውኃው ጭረቱን ሁሉ ይሞላዋል። ቀጥተኛ ፀሐይም ሸሸሁ። እያንዳንዱ ጉድለት ሁለት ፎቶ አለው፦ አንዱ ከሩቅ የት እንዳለ የሚያሳይ፣ ሌላው ከቅርብ፣ ከማስመሪያ ጋር። ማስመሪያ የሌለው የጭረት ፎቶ ምንም አይነግርህም፤ ፀጉርም ይሁን ጉድጓድ አይለይም።

ሐሙስ ማታ፣ ጽሑፉ

«ምንም የማይወጣላት» የሚል የለም። ከጻፍኩት ልቀንጭብ፦

«ሞተር፦ የቴስታ ጓርኒሲዮን አንድ ጊዜ ተለውጧል፣ ደረሰኝ አለ። በዚህ ወር የጋዝ ምርመራ ተደርጓል፣ ቪዲዮ አለ። ዘይት ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ ነገር አለ፣ ፎቶ ይመልከቱ። ታይሚንግ ቤልት በዕድሜው ደርሷል፣ አልተለወጠም።

ካምቢዮ፦ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ ይጮሃል። አልተጠገነም። ሞተሩን ሳላሞቅ ስለምጠብቅዎ ራስዎ ይስሙት።

አካል፦ የኋላ ሽፋን ላይ ሁለት ስንጥቅ። የሾፌር በር እንደገና ተቀብቷል፤ ለምን እንደሆነ ማስረጃ የለኝም።»

ዋጋውን ስተምን የቤልቱን፣ የፊት ጎማዎቹንና የማርሹን ሥራ አስገምቼ አስቀድሜ ቀነስኩ። ይህንንም ጻፍኩት። ተዘርዝሮ የተጻፈ ጉድለት ለሁለተኛ ጊዜ መደራደሪያ አይሆንም።

ቅዳሜና እሑድ፣ ስልክ

ደላላ ቢጤ ደወለ። «ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ለምን ትዘረዝራለህ? ገዢ ታባርራለህ እኮ!» አዎ፣ የተወሰኑትን አባርሬያለሁ። ሁሉም ነገር አዲስ የሆነች የድሮ መኪና የሚፈልጉ ሰዎች አልደወሉም። ቅዳሜዬ ተረፈልኝ። የደወሉት «ካሚቻው ስንት ነበር የተለካው?» ብለው የሚጀምሩ ናቸው።

አንድ ወጣት የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ መጣ። ኮፈኑ ላይ አስጠጋው፤ ዝም። በሩ ላይ ሞከረ፤ ዝም። ባትሪውን አውጥቶ መለሰ። «ጋሼ፣ መሣሪያው አልሠራ አለኝ መሰለኝ።» መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ብረት ስታገኝ ነው የሚያነብልህ፣ ይቺ ደግሞ ፋይበር ናት አልኩት። እርጥብ ጨርቅ ሰጠሁትና ስንጥቆቹን ራሱ ፈለጋቸው። ሁለቱንም አገኘ። ሦስተኛ ፍለጋ ብዙ ቆየ፣ አላገኘም። ገንዘቡ አልሞላለትም እንጂ መኪናዋን ወዷት ነበር።

ሌላው መጥቶ ወዲያው ዋጋ ሊሰብር ሞከረ፤ የሚያነሳው ነጥብ ሁሉ ከእኔው ዝርዝር ነው። «እሱ ተቀንሷል» አልኩ። «እሱም ተቀንሷል።» በሰላም ተለያየን።

ረቡዕ፣ ገዢዋ

ሴትዮዋ ዝርዝሩን አትመው ይዘው መጡ። እርሳስም ይዘዋል። «ከመጥፎው እንጀምር» አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሞተሩ ላይ እጃቸውን አድርገው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጡ፣ አስነሱ። ከግቢ ወጥተን ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ጮኸ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረጉ። ምንጣፍ አንጥፈው ከሥር ገቡ፤ ነጩ ዱቄት የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። ምልክት። የፊቱን ሣጥን ፎቶዎች ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አመሳከሩ። ምልክት።

ስለ ዋጋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ አሮጌዎቹ የኋላ ዘንጎች አብረው ይሄዳሉ ወይ? ይሄዳሉ አልኩ።

ዓርብ

ውል ተፈራረምን። የጉድለት ዝርዝሩ የውሉ አባሪ ሆኖ በየገጹ ሁለታችንም ፈርመንበታል፤ እሳቸው ያዩትን እንደገዙ፣ እኔም ያወቅኩትን እንደተናገርኩ። ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ባንኩ ሲያረጋግጥ ቁልፉን፣ የደረሰኞቹን ማህደር፣ ካርቶኑንና የጣሪያውን ዘንጎች አስረከብኩ። ውኃ ሲሞሉ አየሩን እንዴት እንደሚያስወጡ በወረቀት ጽፌ ማህደሩ ላይ ከላይ አድርጌያለሁ። ቤልቱን ሰኞ እንደሚያስለውጡ ነግረውኛል። እኔም ሰኞ ኢንሹራንሱን አቋርጣለሁ።